«በዐይንህ እየው»

መቼም ጉዞ ሄዶ የመጣ ሰው ሁሉ የሚጽፈውን እኔም ልጽፍ ነበር የተነሣሁት። «ዳገቱ እንዲህ፣ ጭጋጉ እንዲያ፣ ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይ» እያልኩ ሁለት ገጽ ከሞላሁ በኋላ ቀደድኩት። የቀደድኩበትን ምክንያት ለመናገር ግን ያው ከዳገቱ መጀመር ግድ ሊሆንብኝ ነው፤ ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ትንሽ ታገሠኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው የካቲት፣ በእረፍታችን፣ ሃያ ሁለት ተማሪዎችና አንድ መምህር ሆነን ወደ ጋሞ ደጋ ወጣን። በ2011 ዓ.ም. መስከረም በቡራዩና በአካባቢው ብዙ ሰዎች፣ ከእነሱም ውስጥ ብዙ የጋሞ ተወላጆች፣ ተገድለውና ከቤታቸው ተፈናቅለው ነበር። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ለበቀል ተነሥቶ መንገድ ሲወጣ፣ የጋሞ አባቶች ርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ። ያንን ምስል ያላየ ያለ አይመስለኝም። ወጣቱም ተመለሰ። መምህራችን ታዲያ «የመለሰው ሳሩ አይደለም፤ ከሳሩ ጀርባ ያለ ነገር ነው። ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ጽፋችሁም አምጡ» አሉን። እኛም ደብተርና ብርድ ልብስ ይዘን ሄድን።

ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቡታጅራ፣ በሆሳዕና፣ በወላይታ ሶዶ አድርገን ከመሸ ገባን። የአባያ ሐይቅ ውሃ ቀላ ያለ ነው ሲባል አላምንም ነበር፤ በማግስቱ ጧት ሽቅብ ስንወጣ ከላይ ሆኜ አየሁት፣ እውነትም ደፍርሶ የቀረ ሻይ ይመስላል። ከዚያ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ብቻ ነው። ታች በሸሚዝ ያላበን ልጆች ዶርዜ ስንደርስ ጥርሳችን ይንቀጫቀጭ ጀመር፤ ቦታው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ጭጋግ፣ ቀርከሃ፣ እንሰት፣ ደሞ ጭጋግ። ትንሽ አለፍ ሲሉ ጨንቻ ናት፤ አርባ ምንጭ ከመቆርቆሯ በፊት የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረችው፣ አሁን በፖሟ የምትታወቀው ጨንቻ።

ሁለት ሁለት እየሆንን በየቤቱ ተመደብን። እኔና አንድ የክፍሌ ልጅ የደረሰን ቤት አባወራው፣ እናትየዋ፣ ስምንተኛ ክፍል የምትማር ልጃቸውና ሁለት ትንንሽ ወንድሞቿ ያሉበት ነው። ስማቸውን እዚህ ልጽፍ ፈቃድ ስላልጠየቅሁ አልጽፈውም።

የዶርዜን ቤት በሥዕል ያላየ የለም። ዝሆን ይመስላል ይባላል፤ ይመስላልም። ከላይ ያሉት ሁለት የጭስ መውጫዎች እንደ ዐይን፣ ወደ ፊት ወጣ ያለው መግቢያ እንደ ኩምቢ። አዲስ ሲሠራ ከፍታው እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ቀርከሃ እየተሰነጠቀ ይታታና ከላይ እንሰት ይለብሳል፤ መሐሉ ምሰሶ የለውም፤ የተደፋ ትልቅ ቅርጫት በሉት። በአንድ በኩል ከብቶቹ፣ መሐል እሳቱ፣ በዚያኛው በኩል ሰው። ጭሱ ዐይን ያቃጥላል ብለን ስናጉረመርም፣ ጭሱ ባይኖር ቀርከሃውን ነፍሳት ይጨርሱት ነበር ተባልን። ሥዕሉ የማይነግራችሁ ነገር ግን ቤቱ እያጠረ እንደሚሄድ ነው። ምስጥ ከሥር ይበላዋል፤ የተበላው ይቆረጣል፤ ቤቱ ወደ መሬት ዝቅ ይላል። ሲብስበት ጎረቤት ተጠራርቶ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። እንዲህ እያለ የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ይቆማል። አባወራው ይህን ሲነግሩን «ቤትና ሰው አንድ ነው፤ ሲያረጅ ያጥራል» ብለው ሳቁ።

የመጀመሪያው ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ነው ነገሩ የጀመረው። አባወራው አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ አይተናነስም። ገረመኝና የት እንደተማሩት ልጠይቅ ስል እሳቸው ቀደሙኝ።

«ከየት ነህ ልጄ?»

«ከአዲስ አበባ።»

«አዲስ አበባማ ሰፊ ነው። ከየት ሰፈር?»

እኔ ግቢ ከገባሁ ወዲህ ይህን ጥያቄ «ስድስት ኪሎ አካባቢ» ብዬ ማለፍ ለምጃለሁ። እዚያ እሳት ዳር ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ሽሮ ሜዳ» አልኩ።

ፊታቸው በራ። «ከገበያው በላይ ነው በታች?»

ሽሮ ሜዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሸምነዋል። የቧንቧውን ቦታ፣ የወፍጮ ቤቱን፣ ክረምት ክረምት ጎርፍ የሚገባበትን ቅያስ፣ ሁሉን አንድ በአንድ ጠሩልኝ። እኔ ተወልጄ ያደግሁበትን ሰፈር ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ጉልበታቸውን ሲያማቸው፣ ጉድጓድ ውስጥ እግር ከትቶ መርገጫ መርገጥ ሲያቅታቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ። «ጎረቤት ነበርና!» አሉና ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። ጓደኛዬም «ዓለም ጠባብ ናት» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ትዝ ያለኝ ድንጋይ ነው።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እኛ ከምንኖርበት ግቢ ግንብ ጀርባ የሸማኔዎች ቤት ነበር። መወርወሪያው ከጧት ጀምሮ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ ማታም እንዲሁ። ስንት ሰው እንደነበረ፣ ማን ማን እንደሚባሉ አላውቅም። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እንደምን አደራችሁ ያልኩ አይመስለኝም። እናቴ ለበዓል የምትለብሰውን ነጠላ ከእነሱ ትገዛ ነበር፤ ተከራክራ፣ አሥር ብር አስቀንሳ። ሰፈር ውስጥ ልጅ ሲሰደብ «ሸማኔ» ይባል ነበር፤ እኔም ብያለሁ። የመልቀቂያ ፈተና ሳጠና ታዲያ አንድ ሌሊት ያ ድምፅ አናደደኝና ወጥቼ ቆርቆሯቸው ላይ ድንጋይ ወረወርኩ። ድምፁ ቆመ። በማግስቱም ማታ ወረወርኩ። ደሞ ቆመ። በኋላ ሳስበው እነሱ ሥራ ያቆሙት እኔን ፈርተው ነው፤ እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ሳጠና የነበረው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ማብራራት ነበር። ድር ሲዘረጋ በዐይኔ ዐይቼ ሳላውቅ!

ለአባወራው ይህን አልነገርኳቸውም። እሳቸው የሰጡኝን ቆጮ በዳጣ እየበላሁ ዝም አልኩ። ዐይኔ ያለቀሰው በዳጣው መሰላቸው።

ቆጮ ራሱ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ያየሁት በሁለተኛው ቀን ነው። እንሰቱ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይቆያል። ከዚያ ይቆረጣል፤ ሴቶች ግንዱን በጣውላ ላይ አጋድመው በቀርከሃ ይፍቁታል፤ የተፋቀው በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባና ይብላላል። ጓደኛዬ «እስቲ ልሞክር» ብሎ ፋቂውን ሲቀበል ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። የሴት ሥራ ነው። ጥጥ መፍተልም የሴት ነው፤ ሽመና የወንድ። እናትየዋ በአንድ እጃቸው እንዝርት እያሾሩ በሌላው ሕፃን ያባብሉ ነበር፤ አማርኛ ብዙም ስለማይችሉ ልጃቸው ታስተረጉማለች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዱቡሻ ሄድን። ዱቡሻ የሸንጎ ቦታ ነው፤ አዳራሽ መስሎኝ ነበር፤ ሣር የለበሰ ገላጣ ሜዳ ሆኖ አገኘሁት። አባቶች እዚያ ተቀምጠው ነገር ያያሉ፣ ያስታርቃሉ። መምህራችን ከሳሩ ጀርባ ያለው ነገር ያሉት እዚህ ተነገረን፤ ስሙ ጎሜ ይባላል። ጎሜ ማለት መደረግ የሌለበትን ማድረግ ነው፤ ያደረጉትም ነገር የሚያመጣው መዘዝ ነው። ወሰን መግፋት፣ ታላቅን መድፈር፣ ሐሰት መናገር፣ አደራ መብላት። ጎሜ ያለበት ሰው ራሱ ይታመማል፣ ከብቱ ይመነምናል፣ ዝናብ ይቀራል ይባላል። ፈውሱ አንድ ነው፤ ወጥቶ ሰው ፊት መናገርና መታረቅ። ርጥብ ሳር ይዘው የለመኑ አባቶችን ረግጦ ማለፍ እንግዲህ ምን ዓይነት ጎሜ እንደሆነ አስቡት። ያ ወጣት የተመለሰው ለዚህ ነው። አንዱ አባት ያሉትን በደብተሬ ጻፍኩ፤ «የተደበቀ ነገር ያድጋል፤ የተነገረ ነገር ያንሳል።» ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሠመርኩበት። ለፈተና ይሆናል ብዬ ነው።

ሐሙስ ገበያ ነበር። ከገበያው ዳር፣ ከሌላው ሰው ፈንጠር ብለው ሴቶች ሸክላ ይሸጣሉ። ጓደኛዬ ትንሽ ጀበና ገዛና ያዥልኝ ብሎ ለአስተርጓሚያችን ሲሰጣት ልጅቷ እጇን ሰበሰበች። ነገሩን ማታ አባወራውን ጠየቅናቸው። ሸክላ ሠሪዎቹ «ማና» ይባላሉ አሉን፤ ቆዳ ፋቂና ቀጥቃጩ «ደጋላ»፤ ሌላው፣ ባለ መሬቱ፣ እሳቸውን ጨምሮ «ማላ» ነው። ማላና ማና አይጋቡም። ድሮ ቤት አይገቡም ነበር፤ መቃብራቸውም ለብቻ ነበር። አሁን ብዙ ተሻሽሏል፣ ግን ጋብቻ ሲነሣ ነገሩ ያው ነው አሉ።

እኔም አፌን ከፈትኩ። አንባቢዬ ያውቀኛል፤ እኛ ተማሪዎች አፍ ለመክፈት የምንሰንፍ አይደለንም። ስለ ሰው ልጅ እኩልነት፣ ስለ ሥራ ክቡርነት፣ ስለ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ተናገርኩ። ጥሩ ነበር የተናገርኩት፤ ክፍል ውስጥ ቢሆን ይጨበጨብልኝ ነበር። አባወራው ሰምተው ሲጨርሱ እሳቱን ቆሰቆሱና እንዲህ አሉ፦

«እውነትህን ነው። ማና መሆን ምን እንደሆነ የገባኝ እኔ አዲስ አበባ ገብቼ ነው። እዚህ ሸማኔ መሆን ነውር አይደለም፤ ገበሬውም ይሸምናል። እዚያ ግን ቤት ስንከራይ ሸማኔ አናከራይም ይሉናል። ሕፃናት ይሰድቡናል። ማታ ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ይወረውሩብናል።»

ደሜ ቀጥ አለ። ቢያዩኝ ያውቁብኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ጓደኛዬ ግን አላወቀም፤ «ታዲያ ከተመለሱ በኋላ ከማናዎች ጋር ያለው ነገር ተለወጠ?» ብሎ ጠየቀ።

ብዙ ዝም አሉ። «ከተመለስኩ በኋላማ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔ ደሞ ተመልሼ ማላ ሆንኩ።»

ከዚያ ወዲህ የእኩልነት ንግግር ለማድረግ አፌ ይከብደኛል። እኩልነት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሲሰደብ የኖረ ሰው ቦታው ሲለወጥ የሚያደርገውን፣ ተናግሮ ያደረ ሰውም ሲደርስበት የሚሆነውን እዚያች እሳት ዳር ስላየሁ ነው።

በመጨረሻው ማታ እናትየዋ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። በእጃቸው በእንሰት ቅጠል ጥብቅ ተደርጎ የታሠረ ጥቅልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ዳጣ ይዘዋል። ልጅቷን ጠሯት፤ እሷም እያስተረጎመች ነገረችኝ። ከእሷ በታች ወንድም አላት፤ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። በአሥር ዓመቱ አጎቱ ሽመና ላስተምረው ብሎ ወሰደው፤ ሽሮ ሜዳ ነው ያለው። ለመስቀል የጋሞ ሰው የትም ቢሆን አገሩ ይገባል፤ ዓመት ሙሉ የሚጠራቀመው ብር ለመስቀል ሥጋ ነው። ያለፈው መስቀል ግን ልጁ ሥራ በዝቶበት አልመጣም።

«ስልክ የለውም እንዴ?» አልኩ።

ልጅቷ ልታስተረጉም ስትል እናትየዋ በእጃቸው ከለከሏትና በራሳቸው አማርኛ ተናገሩ። «ስልክ አለ። ስልክ ደህና ይላል። ሁልጊዜ ደህና። አንተ ሂድ። በዐይንህ እየው።» እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፤ «እጅ እየው። እግር እየው። ዐይን እየው። ከዚያ ለእኔ ንገር።»

ከዚያ ልጅቷ ጨመረች። «ቤቱ ዝቅ ብሏል በለው ትላለች። ሲሄድ ቀጥ ብሎ ነበር የሚገባው፤ አሁን ሲመጣ ያጎነብሳል።»

እሺ አልኩ። እምላለሁ ልቤ ነክቶኝ ነበር፤ በማግስቱ ጧት ሳሩ ላይ ቆመው እስከምንሰወር ሲያዩን ዐይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

እንግዲህ አሁን ነው ገጹን የቀደድኩበት ምክንያት የሚመጣው። አዲስ አበባ ገባሁ። ከግቢያችን ሽሮ ሜዳ በታክሲ አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ 500 ኪሎ ሜትር ሄጄ የተቀበልኩት አደራ አሥር ደቂቃ ሄዶ መድረስ አቃተው። የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ሊጀመር ነው አልኩ። በሁለተኛው የጉዞው ጽሑፍ ይቅደም አልኩ። ቆጮ አይበላሽም፤ እንዲያውም ሲቆይ ይጣፍጣል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጥቅሉ አልጋዬ ሥር ሆኖ መሽተት ጀመረ፤ የክፍል ጓደኞቼ «እዚህ ምን ሞተ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሦስት ሳምንት ሆነው።

ለምን እንዳልሄድኩ አሁን አውቀዋለሁ። ያ ቅያስ ድንጋይ የወረወርኩበት ቅያስ ነው። በዚያ በር ገብቼ እንደ ደግ እንግዳ ከእናት የተላከ ይዤ መቆም አልቻልኩም። በዚህ መሐል ግን ስለ ጎሜ የጻፍኩትን ወረቀት ለመምህሩ ሰጠሁ። «አደራ መብላት» የሚለውን በሚገባ አብራርቼ፣ የአባትየውን አባባል ጠቅሼ። ጥሩ ውጤት አገኘሁ። የጻፍኩት አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ጥቅሉ ከሥሬ እንዳለ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ያገኘሁትን ውጤት አይቼ ማንም ሳይናገረኝ አፈርኩ። ጥቅሉን አንሥቼ ያኑ ዕለት ወጣሁ።

ልጁ የሚሠራበት ቤት ከእኛ ግቢ ጀርባ ያለው አይደለም፤ ከሁለት ቅያስ በላይ ነው። ዝቅ ያለ ክፍል፣ አንድ አምፖል፣ አራት የሽመና ጉድጓድ። አጎትየው ጨዋ ሰው ናቸው፤ ተነሥተው ተቀበሉኝ፣ ሻይ አስመጡ። ክፉ ሰው አግኝቼ ቢሆን መጻፉ ይቀለኝ ነበር። እሳቸውም በዘጠኝ ዓመታቸው ነው ጉድጓድ የገቡት፤ ሌላ የሚያውቁት ማሳደጊያ የለም።

ልጁ በዳር ባለው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ ተቀምጧል። ጥቅሉን ከማየቱ በፊት ሸተተው መሰለኝ፣ መወርወሪያውን ያዝ አድርጎ ቀና አለ። እኔም እንደታዘዝኩ አየሁት። እጁ ደህና ነው፤ ፈጣን ነው፤ በእኔ ዕድሜ ካሉ ሰዎች እጅ የሚበልጥ እጅ ነው። እግሩ ቀጥኗል። ዐይኑ ቀልቷል። ሁለት ጊዜ ሳለ፤ ደረቅ ሳል። ከሦስተኛ ክፍል ወዲህ ትምህርት ቤት አልገባም።

«ቤቱስ?» አለኝ መጀመሪያ። እናቱን አልጠየቀም፤ ቤቱን ነው የጠየቀው። በሩ እስከ የት እንደሚደርሰኝ በእጄ ደረቴ ላይ አሳየሁት። ሳቅ አለ። «አሁን አጎነብሳለሁ ማለት ነዋ» አለ፣ ማንም ሳይነግረው።

ሊሸኘኝ እስከ መንገድ ወጣ። «ደህና ነው በልልኝ» አለኝ። «ሌላ እንዳትል። እሺ?» እሺ አልኩት። ለእናትየውም እሺ ብዬ ነበር። ሁለት እሺ ይዤ ወደ ግቢ ወረድኩ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ደህና ነው ብል ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ልጁም፣ አጎትየውም፣ እኔም። እናትየዋ ግን በስልክ ደህና የሚል ሰው አጥተው አይደለም የላኩኝ። ጧት ደወልኩ።

«አየኸው?» አሉ እናትየዋ።

«አየሁት።»

«ደህና?»

ያየሁትን ተናገርኩ። እጁን፣ እግሩን፣ ዐይኑን፣ ሳሉን። ልጅቷ ስታስተረጉም ድምጿ ሲያንስ ይሰማኛል። ከዚያ ብዙ ዝምታ። በመጨረሻ እናትየዋ «እግዜር ይስጥህ» አሉና ስልኩ ተዘጋ።

አባትየው መጥተው ልጁን ወሰዱት ብዬ ብጨርስ እንዴት ደስ ባለኝ! አልሆነም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ ልጁ ቀና ብሎ አላየኝም። «ደህና ነው በል አላልኩህም? እናቴ አለቀሰች። አጎቴ በእኔ ተከፋ። ብሩ ቢቀር ማን ሊልክ ነው? አንተ ትልካለህ?» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። እውነት መናገር ራስን ሊያቀል ይችላል፤ ሸክሙ ግን ሌላ ሰው ትከሻ ላይ ሊያርፍ እንደሚችል በዱቡሻው ማንም አልነገረኝም፤ ወይም ተነግሮኝ አልጻፍኩትም።

አባትየውና አጎትየው ብዙ ጊዜ በስልክ ተነጋገሩ። ሐኪም ቤት ሄደ፤ ለሳሉ መድኃኒት ተሰጠው። ለሚመጣው መስቀል አገሩ ሊገባ፣ ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ የማታ ትምህርት ሊገባ ተስማምተዋል። እስኪሆን ግን ሆነ አይባልም። እኔ በየቅዳሜው እሄዳለሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ «ከመጣህ አይቀር ሥራ» ብሎ ማግ የሚጠቀለልበትን ቀሰም ሰጠኝ። ስጠቀልል እየተወለጋገደብኝ ይስቅብኛል፤ እኔ ደግሞ መጽሐፍ ይዤ እሄዳለሁ፣ ሲያነብ እየተንተባተበ እስቅበታለሁ። በዚህ ተካክሰናል።

የድንጋዩን ነገር በመጨረሻ ለእሱ ነገርኩት። ቀና አለና «በየትኛው ቤት?» አለኝ። ጠቆምኩት። «እዚያ የነበሩት ለቀው ሄደዋል» አለ፤ «የት እንደሄዱ አላውቅም።» ከዚያ መወርወሪያውን ወረወረ። እንግዲህ ይቅርታ የምጠይቃቸውን ሰዎች አላገኛቸውም። ስማቸውንም አላውቅም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ነበረኝ፣ አልጠየቅኋቸውም።

እዚህ ግቢያችን ውስጥ ዱቡሻ የለንም። ሰው ፊት ወጥቶ መናገሪያ ያለችን ይቺው በብዜት የምትታተም ቀለሟ የሚበላሽ መጽሔታችን ናት። ስለ ዳገቱና ስለ ጭጋጉ የጻፍኩትን ቀድጄ ይህን ያመጣሁት ለዚህ ነው። የጋሞን ደጋ እዩት፣ ያምራል፤ ሄዳችሁ እደሩ፣ ቆጮውንም ብሉ። ስትመለሱ ግን ማታ ላይ በሽሮ ሜዳ በኩል ስታልፉ ያ ድምፅ ከየቤቱ ይሰማችኋል። በሩ አይዘጋም። ገብቶ እንደምን አመሻችሁ ማለት ይቻላል።